የፍቅር መጽሐፍና የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ረከቦት ዙሪያ

«ዕድሜዬ 47 ነው፤ የምኖረው ጅማ፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት አምስት ጎረቤታሞች እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ቡና እየጠጣን መጽሐፍ እናነባለን። ሁለቱ ሙስሊሞች፣ ሦስታችን ክርስቲያኖች ነን። የሁላችንም ታላቅ የሆኑት እናት ዓይናቸው ደክሟል፤ አንዷ ደግሞ ትምህርቷን ያቆመችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እስካሁን ያነበብነው በውሰት ያገኘነውን የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ ነበር። አሁን የድሮውን ዘመን የሚያሳዩ የፍቅር ታሪኮችና በእውነት የሆነውን የሚናገሩ መጻሕፍት አማሩን። ከምናዋጣው ገንዘብ በወር አንድ መጽሐፍ ብቻ መግዛት እንችላለን። ጡረታ የወጣው ባለቤቴ መደርደሪያው በተክለ ጻድቅ መኩሪያ፣ በባሕሩ ዘውዴና በመሳሰሉት የታሪክ መጻሕፍት የተሞላ ነው። እኛን ሲያይ ‹ሰው በፈጠረው ውሸት ዕድሜያችሁን አትጨርሱ› ይለናል። ልጄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለምትማር ብታግዘን ደስ ይላታል። ባለቤቴ እውነቱን ነው ወይ? ምንስ እንግዛ?»

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ አስቀድሜ የባለቤትዎን ነገር አነሣለሁ፤ ምክንያቱም ለእሱ የምንሰጠው መልስ የትኛውን መጽሐፍ በየትኛው ወር እንደምትገዙ ይወስናል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወጣ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ለፈጠራ ድርሰት የምንጠቀምበት ስያሜ ከዚያ ሲወረስ «ልብ ወለድ» የሚለውን ይዘን «ታሪክ» የሚለውን ጣልነው እንጂ፣ ሁለቱ ቃላት ገና ከመነሻው አብረው የታተሙ ናቸው። እኚሁ ጸሐፊ ብዙም ሳይቆዩ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ በባለቤትዎ አከፋፈል «እውነት» ከሚባለው ወገን ይመደባል። ይሁንና በዚያው ዘመን የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መጽሐፉን አንብበው ለአንዱ ንጉሥ አድልቶ ሌሎቹን ያለ አግባብ ዝቅ ያደረገ ነው ሲሉ ነቀፉት፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ተመልካች ልቦና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ አጻጻፍ ሊኖረው እንደሚገባም አስረዱ። እንግዲህ ባለቤትዎ ልብ ወለድ የተፈጠረ ነገር ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ በራሱ እውነት ነው ወደሚል ግምት ከሄዱ ግን የሚያከብሯቸው የታሪክ ሰዎች ራሳቸው አይስማሟቸውም። ሁለቱም ዓይነት መጽሐፍ «ይህን የሚናገረው ማን ነው? ለማንስ ብሎ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ታላላቆቹ ጸሐፊዎቻችንም ከሁለቱ ወገን በአንዱ ብቻ አልተወሰኑም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉ ሰው ናቸው፤ የጣልያንን ጦርነትና የእስር ዘመናቸውን ያሰፈሩበት «ትዝታ»ም የእሳቸው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ አገራቸውን ወክለው በመንግሥታት ማኅበር የቆሙ ሰው ሲሆኑ፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በራሳቸው እጅ ጽፈዋል፤ ልጃቸው ግርማቸው ደግሞ በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመዋል። በእኛ ዘመን ሕይወት ተፈራ የወጣትነት ሕይወቷን «ማማ በሰማይ» ብላ በእውነተኛ ታሪክ መልክ፣ የጎንደሯን እቴጌ ደግሞ «ምንትዋብ» ብላ በታሪካዊ ልብ ወለድ መልክ አቅርባልናለች።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ መጻሕፍቱን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አንብቡ። ስለ አንድ ዘመን የተጻፈ የፍቅር ልብ ወለድ ያዙ፤ ከጎኑ ስለዚያው ዘመን የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ አስቀምጡ። ልብ ወለዱ ይቅደም። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት መጻሕፍት አዋስ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት ወጣት እናት የድሮ ዘመን የፍቅር መጽሐፍ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። እኔ ግን «ቁም ነገር ያለው» ያልኩትን ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አስያዝኳት። በሳምንቱ መለሰችው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ልትዋስ አልመጣችም። የፈለገችውን ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ ሰውየው ልጁን ለምን ለዚያ ሹም ዳረ፣ ያ መሬት የማን ነበር እያለች ታሪኩን ራሷ ፍለጋ ትመጣ እንደነበር አምናለሁ። ነገሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥንድ አድርጎ ማንበብ ለኪሳችሁም ይስማማል። የታሪኩ ወገን በቤትዎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧልና የመዋጮው ገንዘብ በአብዛኛው ልብ ወለድ ይግዛ።

የመጀመሪያው ግዢያችሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን። ከ500 ገጽ በላይ መሆኑ አያስፈራችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬም ይገኛል፤ ልጅዎ በስልኳ ብታወርድላችሁ ዓይናቸው የደከመው እናት ከማንም እኩል፣ ምናልባትም ከማንም በላይ ይከታተሉታል። ከስድስተኛ ክፍል ያቆመችውም እኅት ትረካውን እየሰማች በመጽሐፉ ላይ በዓይኗ ብትከተል፣ ተራዋ ደርሶ ጮክ ብላ ስታነብ አትደናቀፍም። በነገሩ ውስጥ ያለው ፍቅር የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው፤ አንዱ የድሃ ልጅና የቤተ ክህነት ተማሪ፣ ሌላይቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ። ፍጻሜውን አልነግራችሁም፤ ርእሱ ከሚናገረው በላይ መጨመር ንባባችሁን መስረቅ ይሆናል። ነገር ግን እያነበባችሁ ሳለ ጉዱ ካሳ የሚናገረውን በጥሞና እንድትሰሙት እለምናችኋለሁ። ብዙ አንባቢ ወደ ፍቅሩ ለመድረስ እየቸኮለ ንግግሩን ይዘለዋል፤ እነዚያ ሁለት ወጣቶች የማይገናኙበትን ምክንያት ግን ከማንም አስቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

የዚህ መጽሐፍ ጥንድ አንድ ብቻ አይደለም። ፊታውራሪ ማለት ምን ማለት ነው፣ ገባሩ ለጌታው የሚከፍለው ምንድን ነው፣ ርስትና ጉልት በምን ይለያያሉ የሚሉ ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የማዕርጉን፣ የመሬቱን፣ የግብሩንና የአስተዳደሩን ሥርዓት የሰበሰበ ግዙፍ መዝገብ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም፤ ጥያቄ ሲኖር የሚገለጥ ነው። ቤታችሁ ከሌለ አትግዙት፤ ልጅዎ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሚያስፈልጓችሁን ገጾች አንብባ ማስታወሻ ይዛ ትምጣ። ሰፋ ላለው ሥዕል የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይበቃል።

ይኸው መጽሐፍ ሁለተኛውን ጥንድም ያስጀምራችኋል። ርእሱ ላይ የተጻፈው 1847 ደጃዝማች ካሣ «ቴዎድሮስ» ተብለው የነገሡበት ዓመት ነው። ስለ እሳቸው ከተጻፉት ልብ ወለዶች አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ደግሞ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ንና «የታንጉት ምስጢር»ን አበርክተውልናል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እቸገራለሁ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ቀድሞ የተገኘውን ውሰዱ። በታሪኩ ወገን የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» አለ፤ ባለቤትዎ ሳይኖራቸው አይቀርም። የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ» ደግሞ አጻጻፉ ቀለል ያለ ስለሆነ ጮክ ብሎ ለማንበብ ይመቻል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ፤ ፍቅር በልብ ወለድ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ለሚመስለው ሰው የተዋበች ታሪክ መልስ ይሆናል። ተዋበች የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ነበረች። ለካሣ የተዳረችው ሽፍታውን በጋብቻ አስሮ ለማስገበር ታስቦ ነው። ካሣ ከአማቱ ጋር ጦር ሲማዘዝ ግን ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጎን ቆመች። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ቴዎድሮስ ያዘኑት ሐዘን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ተወስቷል፤ ከጊዜ በኋላ ያገቧት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የእሷን ቦታ አልተካችም። ይህን ማንም ደራሲ አልፈጠረውም። ሥልጣንና ትዳር፣ አባትና ባል፣ ፖለቲካና መውደድ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደተጋጩ የሚያሳይ፣ በእውነት የኖረ ታሪክ ነው። የታሪክ መጻሕፍቱ በጥቂት ገጾች ያልፉታል፤ ልብ ወለዶቹ ግን የልቧን ነገር ለመገመት ይደፍራሉ። ጥንዱ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ የሆነውን ሲነግራችሁ ሌላው ሲሆን ምን ተሰምቷት ሊሆን እንደሚችል ያሳስባችኋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እስካልዘነጋችሁ ድረስ ሁለቱም ይጠቅሟችኋል።

ሦስተኛው ጥንድ ከውጭ አገር ይሁን። ማርጋሬት ሚቼል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተመሠረተ ታላቅ የፍቅር ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ መልሶታል። ነቢይ ትርጉሙን የሠራው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። በአማርኛው ውበት ብቻ እንኳ ሊነበብ የሚገባ መጽሐፍ ነው። እናንተም ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከስካርሌት እልኸኝነት ጋር እንደምትፋቀሩ አልጠራጠርም።

ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ያለ ጥንዱ እንዳታነቡ አደራ እላለሁ። ደራሲዋ የደቡቡን ባሪያ አሳዳሪ ማኅበረሰብ በናፍቆት ትመለከተዋለች፤ ባሪያዎቹንም በሁኔታቸው የረኩ አስመስላ ታቀርባቸዋለች። ይህ ከእውነቱ የራቀ ነው። ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጦርነት መነሻው የባርነት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ በየምዕራፉ ያ የሚያምር ቀሚስ በማን እጅ እንደታጠበ፣ ያ ግብዣ በማን ጉልበት እንደተሰናዳ፣ ያ ጥጥ በማን ላብ እንደተለቀመ ጠይቁ።

ጥያቄው ከአሜሪካ ተነሥቶ እናንተው ደጃፍ ይደርሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ መናኸሪያ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከየአቅጣጫው ታድነው የመጡ ልጆችና ሴቶች እዚህ ተገዝተው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕሩ ጠረፍ ይነዱ ነበር። እኛ የጅማ ሰዎች የአባ ጅፋርን ዘመን በኩራት እናስታውሳለን፤ የምንኮራበት ብዙ ነገር አለና ይገባናል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው አገራቸውን ከጦር እሳት አትርፈዋል፤ በዚያ ውሳኔ የእናታቸው የጉሚቲ ምክር ትልቅ ቦታ እንደነበረው ሲነገር ኖሯል። ሆኖም ስካርሌትን «ቀሚስሽን ማን አጠበልሽ?» ብሎ የጠየቀ አንባቢ፣ የገዛ ከተማውን ገበያ ሳይጠይቅ ቢያልፍ ንባቡ ጎደሎ ይሆናል።

ለዚህ ልጅዎ ታስፈልጋለች፤ ሁለቱ ዋና ዋና ሥራዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነውና። ሄርበርት ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ከ1830 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ስለነበረው የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ በ1965 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሐመድ ሐሰን ደግሞ ከ1570 እስከ 1860 እ.ኤ.አ. ያለውን የኦሮሞ ታሪክ፣ በተለይም ሊሙ ኤናርያን፣ ጅማን፣ ጎማን፣ ጉማንና ጌራን የሚያካትቱትን የጊቤ መንግሥታት በሰፊው አጥንቷል። ልጅዎ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ አንብባ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ትንገራችሁ። ሲነገራችሁ ዓይናቸው የደከመው እናት ከወላጆቻቸው የሰሙትን ቢጨምሩበት ማስታወሻ ያዙ፤ እንዲህ ያለው ቃል ከመጽሐፍ አይገኝም። ከዚያም አንድ እሑድ ቡናውን አሳድራችሁ ወደ ጅሬን ውጡና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንደገና እዩት፤ ብዙ ጊዜ አይታችሁት ይሆናል፣ ይህን ሁሉ አንብባችሁ ግን አላያችሁትም።

የቅርቡን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው የታገደ፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከአሥመራ የፍቅር ታሪክ ጋር ያያያዘ ልብ ወለድ ነው፤ ሲጻፍ የዘመኑን ጉዳይ ይዞ ነበር፤ አሁን ታሪክ ሆኗል። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ሕይወቱን እንዳለጌታ ከበደ በሰፊው ጽፎታል። «ማማ በሰማይ» ደግሞ ፍቅርና እውነተኛ ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ የተገናኙበት ነው። ሕይወት ተፈራ የምትወደውን ሰው፣ የኢሕአፓ መሪ የነበረውን ጌታቸው ማሩን፣ በገዛ ድርጅቱ እጅ እንዴት እንዳጣችው ትተርካለች። ከባድ ሐዘን ያለበት መጽሐፍ ነው። ከአምስታችሁ መካከል በዚያ ዘመን ወንድም ወይም ልጅ ያጣ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ካልተስማማችሁም ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

«ጦቢያ»ን መጨረሻ አካባቢ አድርጉት። አጭር መጽሐፍ ነው፤ ቋንቋው ግን የ1900 ዓ.ም. አማርኛ ስለሆነ የለመደ አንባቢ ይፈልጋል። ሌላም ምክንያት አለኝ። የእኅትና የወንድም፣ የጦቢያና የዋሕድ ታሪክ የሚቋጨው ጦቢያን የወደደው ክርስቲያን ያልሆነ ንጉሥ ለፍቅር ሲል ሃይማኖቱን ለውጦ፣ ሠርግ ተደግሶ ነው። ለዘመኑ ጸሐፊ ይህ ደስ የሚል ፍጻሜ ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ረከቦት ዙሪያ በተቀመጡበት የእናንተ ቤት ግን ሁለቱ ሙስሊም እኅቶች ፍጻሜውን በሌላ ልብ ሊያነቡት ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። ከጥቂት ወራት የጋራ ንባብ በኋላ ቅር ያላቸውን ነገር ሳይሳቀቁ የሚናገሩበት ድፍረት ይኖራቸዋል። ያን ጊዜ ይህ መጽሐፍ ከሁሉ የበለጠ ያነጋግራችኋል ብዬ አስባለሁ። በመጀመሪያው ወር ቢሆን ግን ዝምታ ያመጣ ነበር።

የንባቡን ጊዜ በተመለከተ የቡናውን ሥርዓት ተከተሉ። በአቦልና በቶና ልብ ወለዱ ይነበብ፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ገጽ ለአንድ እሑድ ይበቃል። በረካ ላይ ልብ ወለዱ ይዘጋና ከታሪኩ መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ብቻ ይነበብ፤ እሱም በዕለቱ ከተነሣው ጥያቄ ጋር የተያያዘው ክፍል እንጂ ከገጽ አንድ ጀምሮ በተራ አይሁን። በደብተር ላይ ሁለት ዓምድ ከፍላችሁ በአንዱ በኩል «ደራሲው የፈጠረው»፣ በሌላው በኩል «በእውነት የሆነው» ብላችሁ መዝግቡ። የማታውቁት ነገር ሲያጋጥም መሐል ላይ ጻፉት፤ ለሚቀጥለው እሑድ የቤት ሥራ ይሆናል።

ባለቤትዎን በክርክር ለማሸነፍ አይድከሙ። የቴዎድሮስን ልብ ወለድ በጀመራችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እሑድ፣ ተዋበች የምትዳርበት ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ የተክለ ጻድቅን መጽሐፍ ይዘው ከእናንተ ጋር እንዲቀመጡና ስለ እሷ የተጻፈውን እንዲያነቡላችሁ ይጠይቋቸው። ያን ዕለት የበረካው ሰዓት የእሳቸው ይሁን፤ በአቦልና በቶናው ጊዜ ግን ልብ ወለዱን እንደ ማንኛችሁም ቁጭ ብለው ይስሙ።